ለሟች ድንኳን፣ ለቁስለኛ ባዶ እጅ!



በአገራችን ፖለቲካ ውስጥ «ደም» የሚለውን ቃል ያህል የተፎከረበት፣ የተማለበትና የተነገደበት ቃል ይኖር ይሆን? ሰልፈኛው «ደማችንን እናፈሳለን» ይላል። ባለሥልጣኑ «በደም የተገኘ ድል» እያለ ይመልስለታል። ደመኛ፣ ደመላሽ፣ ባለ ደም የሚሉ ስሞች አሉን። ሳይካስና ሳይፈረድለት የቀረ ሟች «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይባልለታል። ሽማግሌ በመካከል ገብቶ ባላንጣዎችን ሲያስታርቅ «ደም አደረቀ» እንላለን፤ የአርሲ ኦሮሞም ለዚሁ ጉዳይ ጉማ የሚባል የጸና ሥርዓት አለው። እንግዲህ ስለ ደም ይህን ያህል ቃልና ይህን ያህል ሥርዓት ያበጀን ሰዎች ነን። አንድ ተራ ነገር ግን አናውቅም፤ ከሰው ገላ የሚፈስሰውን ደም በገዛ እጃችን እንዴት እንደምናቆም አናውቅም።

ይህን የሚያነብ የተማረ ሰው «ይህማ የሐኪም ሥራ ነው፤ አንተ ደግሞ ፖለቲካውን ትተህ ስለ ፋሻ ልታወራልን ነው?» ማለቱ አይቀርም። አዎን፣ ስለ ፋሻ ላወራ ነው። ፋሻም ፖለቲካ ነው! አንድ መንግሥትና አንድ ኅብረተሰብ ለሰው ሕይወት የሚሰጡት ዋጋ በሕገ መንግሥት አንቀጽ ብቻ አይለካም፤ አንድ ሰው መንገድ ላይ በወደቀ በአምስተኛው ደቂቃ ማን ምን እንደሚያደርግለት በማየትም ይለካል።

እስቲ ነገሩን ሻሸመኔ ላይ አቁመን እንየው።

ሻሸመኔን የሠራት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዘው ሲደርሱባት መንገዱ ይበታተናል፤ አንዱ ወደ ሐዋሳና ወደ ሞያሌ፣ አንዱ በኮፈሌና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ፣ ሌላው በሐላባ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ ይሄዳል። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሲኖ ትራክ፣ ጭነት ያናጠረው አይሱዙ፣ ለተሳፋሪ የሚሽቀዳደመው አባዱላ፣ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው አንዱን አስፋልት ይሻሙበታል። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ የመኪና አደጋ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገር ደረጃ በትራፊክ አደጋ የምናጣው ወገን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ በጦርነት ቢሆን ኖሮ ቤተ መንግሥት የሚያናውጥ ቁጥር ነበር።

ሻሸመኔ ግን በመንገድ ብቻ አልደማችም። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ለአቀባበል በወጣ ሕዝብ መካከል «ቦምብ ተይዟል» የሚል ወሬ ተነዛና አንድ ሰው በመንጋ ተገድሎ አስከሬኑ ተሰቀለ፤ በግርግሩም ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱ ሻሸመኔ ስትነድ ዋለች። ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከተነሣው የሲኖዶስ መከፋፈል ጋር ተያይዞ በዚህችው ከተማ እንደገና ሰዎች ተገደሉ።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከሃጫሉ ግድያ በኋላ በኦሮሚያ ስለደረሰው ጥፋት ባወጣው ሪፖርት 123 ሰዎች መሞታቸውን፣ ቢያንስ 500 ሰዎች መቁሰላቸውን አስፍሯል። ስለ 123ቱ እስክንታክት ተከራክረናል። የየትኛው ብሔር እንደሆኑ፣ የየትኛው ሃይማኖት እንደሆኑ፣ በጸጥታ ኃይል ወይስ በመንጋ እንደተገደሉ፣ ማን አዝዞ ማን እንደፈጸመው ተጨቃጭቀናል። ጭቅጭቁ አላስፈላጊ ነበር አልልም፤ ገዳይ መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ስለ 500ዎቹ ማን ጠየቀ? መንገድ ላይ የወደቁትን ማን አነሣቸው? ቁስላቸው በምን ታሰረ? ከወደቁበት እስከ ሐኪም ቤት በር ስንት ደቂቃ ፈጀባቸው? ከሟቾቹስ መካከል እጅና ነጠላ ያተርፈው የነበረ ሰው አልነበረምን? ይህ ጸሐፊ ባነበባቸው መግለጫዎችና ትንታኔዎች ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች አላገኘም። የገዳዩም የተገዳዩም ጠበቃ ነን የሚሉ ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቁስለኛ የሚያስፈልጋቸው ሲሞት ነው። ሲሞት ፎቶው ይወጣል፣ ሻማ ይበራለታል፣ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ይከፈትለታል። በሕይወት ሳለ ግን ፋሻ የሚይዝለት የለም።

ነገሩ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ካልተረዳን ቁጣው ትርጉም አይኖረውምና ጥቂት ልዘርዝር።

አንድ ጎልማሳ በገላው ውስጥ ያለው ደም አምስት ሊትር ያህል ነው፤ ከሱቅ ከምንገዛት ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አይበልጥም። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሊትሩ ከወጣ ሰውዬው ሞት አፋፍ ላይ ቆሟል። በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ሲበጠስ ይህ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሆናል። አሁን ሒሳቡን እናስላ። ሻሸመኔ የተጎዳ ሰው «ለከፍተኛ ሕክምና» ተብሎ ብዙ ጊዜ ወደ ሐዋሳ ይላካል፤ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ክፍት ቢሆን እንኳ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ይወስዳል። መንገዱ በጎማ ቃጠሎና በድንጋይ በተዘጋበት ቀን ደግሞ ለመኪና ቀርቶ ለእግረኛም የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የተበጠሰ ደም ቅዳ ላለው ሰው የመጀመሪያው ሐኪም የሐዋሳው ስፔሻሊስት ሊሆን አይችልም። ከጎኑ የቆመው ባለ ሱቅ፣ ተማሪ፣ የባጃጅ ሹፌር ወይም ጀበና ይዛ የተቀመጠችው ሴት ናት። ሌላ አማራጭ የለም።

ታዲያ ከጎኑ የቆምነው ሰዎች ምን እናደርጋለን? ሁላችንም እናውቀዋለን። ግማሹ ይጮኻል። ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አንዱ ውኃ ያፈስስበታል። አንዱ ሮጦ የተፈጨ ቡና ያመጣና ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። ቀሪው ብብቱንና እግሩን ይዞ እንደ ጆንያ ያነሣውና ባጃጅ ውስጥ አጥፎ ይከትተዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ቁስሉን የነካ እጅ የለም!

መደረግ የነበረበት ይኽ ነው። የተገኘ ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላም ይሁን ሻሽ፣ ሸሚዝም ይሁን ፎጣ፣ ቁስሉ ላይ ይደረግና በሁለት እጅ፣ ክንድ ቀጥ ብሎ፣ የሰውነት ክብደት ተጥሎበት ይጫናል። መጫን ማለት መዳሰስ አይደለም፤ ቁስለኛው «አመመኝ» ብሎ እስኪጮህ ድረስ መጫን ነው። «ቆመ ይሆን?» እያሉ በየደቂቃው ገልጦ ማየት የረጋውን ደም እንደገና መቀስቀስ ስለሆነ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይነሡ መቆየት ይገባል። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ሌላ ጨምሮ ይበልጥ መጫን ነው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነና ያለውም ብሽሽት፣ ብብት ወይም ትከሻ ላይ ከሆነ፣ ጨርቁን በጣት ወደ ቁስሉ ውስጥ እየጠቀጠቁ እስኪሞላ መክተትና ከዚያ በላዩ መጫን ያስፈልጋል። የሚዘገንን ነገር ነው፤ ግን ሰው ያድናል። ሰውዬው መሬት ላይ ይጋደም፤ ጋቢ ወይም ጃኬት ይልበስ፤ ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደሙ የመርጋት ኃይሉን ያጣልና። የሚበላና የሚጠጣ ነገር አይሰጠው፤ ምናልባት ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው። ቢላዋ ወይም ብረት ተሰክቶበት እንደሆነ ጀግና ነኝ ብሎ የሚነቅል ሰው ገዳይ ነው፤ የተሰካው ነገር ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን በጨርቅ አስደግፎ እንዳለ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

የክንድና የእግር ቁስል በመጫን አልቆም ብሎ ደሙ እየተፈናጠረ ወይም እየጎረፈ ከሆነ ቱርኒኬት ይታሰራል። ለዚህ ከውጭ አገር ዕቃ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ወገባቸውን የሚያስሩበት መቀነት አለልን! መቀነቱ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ወርድ እንዲኖረው ይታጠፍና ከቁስሉ በላይ፣ ወደ ልብ በኩል፣ አራት ጣት ያህል ርቆ ይታሰራል፤ ጉልበትና ክርን ላይ አይሆንም። በቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት ይጋደምና እንደገና ይቋጠራል፤ ከዚያ ደሙ እስኪቆም ድረስ እንጨቱ ይጠመዘዛል፤ እንዳይፈታም ጫፉ ይታሰራል። የታሰረበት ሰዓት በእስክሪብቶ ግንባሩ ላይ ወይም እጁ ላይ ይጻፋል። ሐኪም እጅ እስኪገባ ማላላት የለም። ሲባጎ፣ ሽቦና የጫማ ክር ሥጋ ይቆርጣሉ እንጂ ደም አያቆሙም። የሱሪ ቀበቶም ብዙውን ጊዜ በበቂ አይጠብቅም፤ በፊልም እንዳየነው አይደለም። ይህን ሁሉ ለመማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ሆድና ደረት ውስጥ የሚፈስሰውን ደም እጃችን አይደርስበትም፤ እዚያ ላይ ያለው መድኃኒት ፍጥነት ብቻ ነው።

ስለ ቡናው ግን ሳልናገር አላልፍም። ቡና መነስነስ፣ ዐፈር መበተን፣ ቅቤ መቀባት ደም የሚያቆም የሚመስለን ትንሹ ጭረት ምንም ባናደርግበትም የሚቆም ስለሆነ ነው። ለትልቁ ቁስል ጥቅም የለውም፤ ከዐፈርና ከእበት ጋር የሚመጣው የመንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ከቁስሉ የተረፈውን ሰው ከሳምንት በኋላ ሊገድለው ይችላል። ቡናውን ለቀማሹ እንተውለት።

ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሻሸመኔ ውስጥ አንድ ሉካንዳ ቤት በር ላይ የሆነውን አይረሳም። ሥጋ የሚቆርጠው ልጅ ቢላዋው አድጦት የክንዱን ውስጠኛ ክፍል ከፈተው። ደሙ ነጭ ጋዋኑን አልፎ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አንዲት ወይዘሮ በእርግጥም ቡና ይዘው ብቅ ብለው ነበር። በዚህ መካከል ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ፣ ጥግ ላይ ቁርጥ እየበሉ የነበሩ ሰው ተነሡና ማንንም ሳይጠይቁ የልጁን ክንድ ወደ ላይ አንሥተው በጠረጴዛ ጨርቅ ተጫኑት። «ቁጭ በል!» አሉት፤ ልጁ ቁጭ አለ። ባጃጅ እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን አላነሡም። ሲመለሱ «ጋሼ፣ ይህን የት ተማሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወታደር ቤት ነዋ!» አሉኝ፤ «ሌላ የት ያስተምሩሃል?»

ሌላ የት ያስተምሩሃል! ጋሼ ይህን ያሉት ምንም ሳይመስላቸው ነው። መልስ አላገኘሁላቸውም። አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጠናል። የልብን አራት ክፍሎች፣ የቀይ ደም ሕዋስን ሥራ፣ የደም ዝውውርን ሥዕል በቀለም ስለን ማርክ አግኝተንበታል። አንድ የባዮሎጂ መምህር ግን «ደሙ ወደ ውጭ ሲወጣስ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ አልጠየቀንም። ከዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ወጣን። በዚህች አገር ደም የማቆም ዕውቀት ለሚዋጋ ሰው የሚሰጥ ትጥቅ ሆኖ ቀርቷል፤ ሰላማዊው ሰው አይገባውም የተባለ ይመስላል።

መንግሥት «ይህን አላሰብኩበትም» ሊል አይችልም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከነበሩት 16 ፓኬጆች አንዱ የመጀመሪያ ዕርዳታ ነበር። በወረቀት ላይ ማለት ነው። ለየወረዳው የተከፋፈሉት አምቡላንሶችም በዋናነት ወላድ እናቶችን ለማድረስ የታሰቡ ናቸው፤ ወላድም በደም መፍሰስ ትሞታለችና ይህን የሚነቅፍ ሰው የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ነገር ግን አምቡላንስ መኪና ነው፤ መኪና ደግሞ መንገድ ይፈልጋል፤ መንገዱም ሰዓት ይፈልጋል። ከሰላሳ ደቂቃ በኋላ የሚደርስ አምቡላንስ በሦስት ደቂቃ ለሚያልቅ ደም የሬሳ ማመላለሻ ነው።

ሕጉንም እንየው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በሕይወቱ፣ በአካሉ ወይም በጤናው ላይ ከባድና የማይቀር አደጋ የተደቀነበትን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላው ላይ አደጋ ሳይደርስበት ሊረዳው ሲችል ሆነ ብሎ ሳይረዳ የተወውን ሰው ይቀጣል። ግሩም አንቀጽ ነው! ግን ማን ያውቀዋል? መርዳት ግዴታ ነው ብሎ የሚያስር መንግሥት እንዴት እንደሚረዳ የማስተማር ግዴታ የለበትምን? ከዚህም የከፋው፣ በተግባር የምናየው የሕጉ ተቃራኒ መሆኑ ነው። በየከተማው «ቁስለኛ ካነሣህ ጣጣው ለራስህ ነው» የሚል ምክር ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ያነሣው ሰው መታወቂያው ይያዛል፤ «አንተ ነህ የገጨኸው?» ይባላል፤ ለቃል ይመላለሳል፤ መኪናው በደም ተበላሽቶ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ስለዚህ ሹፌሩ ቁስለኛውን አይቶ ነዳጅ ይሰጣል። ይህን ሹፌር «ጨካኝ» ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ጨካኙን የማየው ሌላ ቦታ ነው፤ ለረጂው አንዲት የከለላ ወረቀት ማዘጋጀት ባቃተው ቢሮ ውስጥ ነው። ቁስለኛ ያደረሰ ሰው ስሙንና ስልኩን ሰጥቶ ወዲያውኑ የሚሰናበትበት፣ ከበቂ ምክንያት በቀር እንደ ተጠርጣሪ የማይያዝበት ግልጽ ደንብ ማውጣት ምን ያህል በጀት ይጠይቃል?

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጠው ደንግጎ ነበር። የብሩ አቅም ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ያም ሆኖ አዋጁ የሚሠራው ቁስለኛው በሕይወት ሐኪም ቤት ከደረሰ ነው። በየአውቶብሱ የተሰቀለችው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥንስ? እስቲ በሚቀጥለው ጉዞዎ ረዳቱን «ክፈትልኝ» ይበሉት። ወይ ቁልፉ ጠፍቷል፣ ወይ ውስጧ ያለው የረዳቱ ጫት ነው። ሳጥኗ ለቦሎ እንጂ ለሰው አልተሰቀለችም።

ከተቃዋሚው ወገንም የሚሰማ ክርክር አለ። «ችግሩ ሥርዓቱ ነው፤ ደም የሚያፈስሰውን ፖለቲካ ሳታስተካክሉ ስለ ማሰሪያ ማውራት ምልክቱን ማከም ነው» ይላሉ። ይህን ክርክር ከአርባ ዓመት በላይ ሰምተነዋል። ሥርዓቱ እስኪስተካከል ድረስ ሦስት መንግሥት ተለዋውጧል፤ ደሙም ሳይቋረጥ ፈስሷል። ደግሞስ ጭኑን የተመታ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እንደ ምልክት ሊቆጠር ነውን? ለእናቱ ምልክት አይደለም። ሥርዓት ለመለወጥ የሚታገል ድርጅት ሰልፍ ሲጠራ ባንዲራ፣ መፈክርና ድምፅ ማጉያ ያዘጋጃል፤ ከመቶ ሰልፈኛ ለአንዱ እንኳ ፋሻ አስይዞ አያውቅም። ደጋፊውን እንደ ማገዶ የሚቆጥር መሪ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አልፈልግም። ይህ ለገዢውም ለተቃዋሚውም ይሠራል። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በመንግሥት ድጋፍ ሰልፍ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ሁለት ሰዎች ሞተው ከ150 በላይ ቆስለዋል፤ በዚያ ባሕር በሚያህል ሕዝብ ውስጥ ስንቱ ሰው ቁስል መጫን ያውቅ ነበር?

«ያልሠለጠነ ሰው ይበልጥ ይጎዳል» የሚሉም አሉ። በተለይ ቱርኒኬት «እግር ያስቆርጣል» ይባላል። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን እንዲህ ያስቡ ነበር። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች የተገኘው ልምድ ግን ይህን ፍርሃት ገለበጠው፤ እስከ ሁለት ሰዓት የታሰረ እግር በአብዛኛው እንደሚተርፍ፣ ሰው ደንግጦ መሞቻው ሰዓት ከመድረሱ በፊት የታሰረ ቱርኒኬትም ሕይወት እንደሚያተርፍ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ኮነቲከት በሚገኘው የሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ከተገደሉ በኋላ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ሐርትፎርድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ይህ ዕውቀት ለተራው ሕዝብ ይሰጥ አሉ። በተከታዩ ዓመት የቦስተን ማራቶን ላይ ፈንጂ ሲፈነዳ መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ባገኙት ጨርቅ የቁስለኞችን እግር ሲያስሩ ዓለም አየ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ደሙን አቁም» የሚል ዘመቻ ከዋይት ሐውስ ታወጀ፤ መምህራንና የጽዳት ሠራተኞች ሳይቀሩ ይሠለጥኑበታል። ልብ በሉ፤ አሜሪካኖች ጠመንጃውን መከልከል ቢያቅታቸው ደሙን ማቆም ተማሩ። እኛ ሁለቱም አቅቶናል። እግሩ ተቆርጦ የኖረ ሰውና እግሩ ሳይነካ የተቀበረ ሰው የትኛው እንደሚሻል ደግሞ ቤተሰቡ ይጠየቅ።

የኤች አይ ቪ ፍርሃቱ እውነተኛ ቢሆንም መፍትሔው ቅርብ ነው። ያልቆሰለ ቆዳ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ይቻላል፤ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ነው።

ይህ ሁሉ ለአገራችን እንግዳ ሆኖም አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ነው። ጦርነቱ ሲከፈት በየግንባሩ የተሰማሩት የውጭ አገር የቀይ መስቀል ቡድኖች ከአየር በቦምብ ተደበደቡ፤ የስዊድኑ መልካ ዲዳ ላይ፣ የእንግሊዙም ቆረም ላይ። የእንግሊዙን ቡድን ይመራ የነበረው ዶክተር ጆን መሊ ከዚያ ሁሉ ተርፎ አዲስ አበባ ገባ፤ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማዋ በዘረፋ ስትታመስ ቁስለኛ ሊረዳ በቆመበት ተተኩሶበት ሞተ። ጣሊያን ያልገደለውን ሰው የገደለው የከተማው ግርግር ነበር። ከዘጠኝ ዐሥርት ዓመታት በኋላም ግርግሩ አልለቀቀንም፤ ለቁስለኛ የሚቆመው ሰው ግን ቀንሷል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ መንግሥትን ብቻ መውቀስ የለመድነው ጨዋታ ነውና።

በሻሸመኔም ሆነ በአዳማ፣ በዝዋይም ሆነ በሐዋሳ ዕድር የሌለው ሰፈር የለም። ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል፣ የብሔር መታወቂያ ሳይጠይቅ ከፖለቲካችን ሁሉ ተርፎ የቆየ ድርጅት ቢኖር ዕድር ነው። መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ቀሪ የሚቀጣበት ደንብ አለው። የዕቃ ቤቱን ብንከፍት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና በመቶ የሚቆጠር ሳህን እናገኛለን። ሰው ሲሞት በሌሊት ጥሩምባ ተነፍቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ይህ ፍጥነት፣ ይህ ሥነ ሥርዓት በየትኛው መሥሪያ ቤት አለ? ነገር ግን ሁሉም የተሰናዳው ለሬሳ ነው። በዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ጥቅል ፋሻ የለም። ቃሬዛ ካለም የሚወጣው ለቀብር ነው። ጎረቤቴ ደሙ ሲፈስስ ጥሩምባ የሚነፋለት የለም፤ ሲያልቅ ግን ሁላችንም ድንኳን ተካይ ነን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኽ ነው።

«ዕድር ለቀብር ነው፤ ከአባቶች የተረከብነው ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መርዳት፣ ሕሙማንን ወደ መጠየቅ ተሻግረው ነበር። በደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ጨመሩ እንጂ ሰማይ አልተደፋባቸውም። ዛሬም የሚጠየቀው ይህን ያህል ነው።

ሻሸመኔ ይህን ለመጀመር ከማንም የተሻለች ናት ባይ ነኝ። በአንድ ቀን የሚሰበሰብ መናኸሪያ አላት፣ በማኅበር የተደራጁ የባጃጅ ሹፌሮች አሏት፣ ቢላዋ የሚጨብጡ ሉካንዳዎች አሏት፣ በየአርቡና በየእሑዱ የሚሞሉ መስጊዶችና ቤተ ክርስቲያኖች አሏት፣ ከወታደር ቤት የተመለሱና እንደ ሉካንዳው ጋሼ የሚያውቁትን ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ ሰዎች አሏት። አንድ ነርስ ከሰዓት በኋላዋን ሰጥታ ሰላሳ የባጃጅ ሹፌር ብታስተምር በማግስቱ ሰላሳ የሚንቀሳቀስ የዕርዳታ ጣቢያ ከተማው ውስጥ ይሽከረከራል። ለዚህ የሚኒስትር ፊርማ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከሚኒስትሩ የሚጠበቀውም አለ፤ የረጂው ከለላ በደንብ ይጻፍ፣ አንቀጽ 575 ለፖሊስም ለሕዝብም ይነበብ፣ የአውቶብሱ ሳጥን ለቦሎ ሲቀርብ ተከፍቶ ይታይ፣ ደም ማቆም ከስምንተኛ ክፍል በፊት በተግባር ይሰጥ።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች አብዛኞቹ የዕድር አባላት ናችሁ፤ ወርኃዊውን መዋጮ ከፍላችሁ ስብሰባውን ግን ለአባቶች የምትተዉ መሆናችሁንም አውቃለሁ። በሚመጣው ወር ስብሰባ ላይ ተገኙና ሊቀ መንበሩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፤ ለዕቃ ቤቱ የሚገዛው ቀጣይ ዕቃ ስድስት ደርዘን ሳህን ከሚሆን አሥር ጥቅል ሰፊ ፋሻ፣ አንድ እሽግ ጓንት፣ አንድ መቀስ፣ ሦስት መቀነት ከነእንጨታቸውና አንድ ለሕያው ሰው የሚሆን ቃሬዛ ቢሆን ምን ይላሉ? መልሳቸውን ጻፉልኝ፤ የእምቢታውንም ምክንያት ጭምር።